ጋሽ ስዩምና እስከ ሰመራ የሚያደርሰው ወንበር

በየሰፈሩ ማንም ሳይሾመው በአንድ ነገር ላይ የተሾመ ሰው አይጠፋም። አንዱ የበሽታ ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ነው፤ ጥርሴን አመመኝ ስትሉት ስለ ኩላሊታችሁ ይነግራችኋል። ሌላው መብራት የእኔ ጉዳይ ነው ይላል፤ ሳይጠሩት መጥቶ የሚርገበገበውን አምፖል ጭራሹን ያጠፋውና "አሁን ቢያንስ አይረብሻችሁም" ብሎ ይሄዳል። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የላቸውም፣ የዓመት ፈቃድ አይወስዱም፣ ከሥልጣን የሚያወርዳቸውም አልተገኘም።

አዋሽ ላይ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው ሰፈራችን፣ እንዲህ ያለውን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ስዩም ናቸው። ግዛታቸው መቀመጫ ነው። በርጩማ፣ አግዳሚ፣ ሶፋ፣ የሚኒባስ ወንበር፣ ብቻ የሰው ልጅ አረፍ የሚልበት ነገር ሁሉ ያለ እሳቸው ፈቃድ ባይቀመጡበት ይመረጣል።

ዕድሜያቸውን የጨረሱት በባቡሩ ጥገና ክፍል የተሳፋሪ ወንበር ሲሰፉ ነው። አሮጌው ባቡር ከቆመ ብዙ ዓመት ሆነው፤ እሳቸው ግን መቆሙን የተቀበሉት አይመስልም። ወንበር የሚመዝኑት እስከ ዛሬ በጣቢያ ነው። ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ በሐሳባቸው ባቡሩ ሲነሣ ትንሽ ይወዛወዛሉ፣ ከዚያ ይፈርዳሉ። "ይቺ መተሐራ ታደርሳለች" ካሉ ወንበሩ ወደቀ ማለት ነው፤ መተሐራ ቅርባችን ናት። "ሚኤሶ" ካሉ ደህና ነው። "ድሬዳዋ" የተባለለት ሰው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ለጎረቤት ሲያወራ ይከርማል። "ጅቡቲ ያደርሳል" የተባለ ወንበር በሰፈራችን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እሳቸው ቤት ያለው ነው።

ባለቤቴ ታጁ ሻይ ቤቱን ሲከፍት አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ገዛ። ጋሽ ስዩም በመክፈቻው ዕለት መጥተው አሥራ ሁለቱንም ተራ በተራ ተቀመጡባቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው ብንላቸው አልሰሙንም። ሲጨርሱ ታጁን ጠርተው፣ እነዚህ ወንበሮች ከጣቢያው ግቢ እንኳ እንደማይወጡ፣ ሩብ ሰዓት የተቀመጠባቸው ሰው ተነሥቶ እንደሚሄድ በሐዘን አረዱት። ታጁ ደስ አለው። እሱም የፈለገው ሻዩን ጠጥቶ የሚሄድ ደንበኛ ነበር።

ለቅሶ ቤትም አይምሩም። ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን ባለቤቷ የሞተባት ጊዜ፣ ድንኳን ውስጥ ገብተው፣ እንደ ወጉ እግዜር ያጥናችሁ ካሉ በኋላ ሐዘንተኛውን ሁሉ አስነሡ። "እሱስ ዐርፏል። እናንተ ገና ሦስት ቀን ልትቀመጡ ነው፤ እስቲ ተነሡ" ብለው በየአግዳሚው ላይ የታጠፈ ጆንያ አነጠፉ። የሟች ወንድም ተቆጣ። ከሰዓት በኋላ ግን ያው ሰውዬ ሁለተኛ ጆንያ እንዳላቸው በጆሯቸው ሲጠይቃቸው አይቻለሁ።

መናኸሪያም ይወርዳሉ። ወደ ሰመራ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገብተው ወንበሮቹን ይሞክራሉ፣ ተሳፋሪውን ማን የት እንደሚቀመጥ ይመድባሉ፣ ከዚያ ይወርዳሉ። ረዳቱ አንድ ቀን፣ "አባባ፣ አይሄዱም እንዴ?" አላቸው። "እኔ ምን በወጣኝ? የምትሄደው አንተ ነህ፤ ጸልይ" አሉት።

ስለዚያ ስለ ጅቡቲው ወንበር ልንገራችሁ። ሳሎናቸው ጥግ ላይ፣ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ የሚኖር፣ ከአንደኛ ማዕረግ ፉርጎ የወጣ አንድ ወንበር ነው። ጡረታ ሲወጡ የሥራ ጓደኞቻቸው የሰጧቸው ነው። ውስጡ የፈረስ ፀጉር ነው፤ ዛሬ ይህን የሚሠራ የለም ይላሉ። የሚቀመጥበትም የለም። ልጃቸው ስትታጭ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ሳያውቁ ወደዚያ ሲያጎነብሱ፣ ጋሽ ስዩም ብብታቸው ሥር ገብተው አንሥተዋቸዋል፤ ጋብቻው ለጥቂት ነው የተረፈው። ባለቤታቸው እትዬ ንጋትወርቅ፣ "እኔን እንኳ አንድ ቀን አላስቀመጠኝም፤ አቧራውን ግን እኔ ነኝ የማራግፈው" ይላሉ።

እኔ ወደ ክቡርነታቸው እጅ የወደቅሁት እንዲህ ነው።

ሥራዬ ትል መቁጠር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ የጥጥ አምራቾች ማኅበር ቀጠረኝ፤ ሞተር ሳይክል ሰጡኝ፣ መንዳቱንም አስተማሩኝ። በሳምንት ሁለቴ ወደ መልካ ወረር እሄዳለሁ፤ ጥጡ መሐል ገብቼ ቅጠል እየገለበጥኩ የትልና የተባይ ብዛት እመዘግባለሁ። በየወቅቱ ደግሞ አንድ ትልቅ ዙር አለ፦ ከአዋሽ ተነሥቼ በገዋኔ፣ በሚሌ አድርጌ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ወጣ ያሉትን እርሻዎች እየነካካሁ እስከ ሰመራ። ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መመለሻው ሳይቆጠር። መጀመሪያ ላይ ሴት በሞተር ስትሄድ አይቶ የሚያፏጭ ነበር። አሁን ከባድ መኪና ነጂዎቹ ጡሩንባ ነፍተው ሰላም ይሉኛል። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ከታጁ ሻይ ቤት ጋር ሆኖ ነገ የተሻለ ቤት እንደሚኖረን ተስፋ የሚሰጠኝ እሱ ነው።

ልጄን ኑራን ከወለድኩ በኋላ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ከወገቤ ታች፣ ጫፍ ላይ ያለችው አጥንት በምጡ ተጎድታ ነበር። ሐኪሙ በጊዜ ይሻልሻል፣ ጠንካራ ነገር ላይ አትቀመጪ አለኝ። የሞተሩ መቀመጫ ደግሞ ከድሮም ጠንካራ ነው። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ከመቀመጫ ሁሉ ለስላሳውን ፈለግሁ።

ሚሌ ላይ መለዋወጫ የሚሸጥ ከድሩ የሚባል ሰው በስልክ ፎቶ ላከልኝ። ቀይ፣ ወፍራም፣ እንደ ሶፋ ያበጠ፣ በወርቃማ ክር የተሰፋ። "አልጋ ነው እህቴ፤ እንቅልፍ እንዳይወስድሽ ብቻ ተጠንቀቂ" አለኝ። ከታጁ ደንበኞች አንዱ በጭነት መኪናው አመጣልኝ።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አልጋ ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ ግን ሰመጥኩ። መልካ ወረር ስደርስ መውረድ አቃተኝ። ልውረድ ስል ደግሞ መቀመጫው ከፍ ስላለ እግሬ መሬት አልደረሰም፤ ከነሞተሬ ወደ ጥጡ ተጋደምኩ። ሁለት ሰዓት ትሌን ቆጥሬ ስመለስ ያ ቀይ ላስቲክ በፀሐይ ግሎ እንቁላል ይጠብስ ነበር። ከድሩ ደውሎ እንዴት ነው ሲለኝ ግን፣ ሰውዬው ለፍቶ ልኮልኛል ብዬ፣ "ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው" አልኩት።

አለቃዬ ዋሲሁን ክፉ ሰው አይደለም። ስሄድና ስመለስ አይቶኝ ግን ለብቻዬ ጠራኝ። የወቅቱ ዙር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እስከ ሰመራ መድረስ ካልቻልኩ መንገዱን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ቢሮ ውስጥ ሥራ አለ ወይ ብዬ ብጠይቀው የለም አለ። "አንቺን ማጣት አልፈልግም መሪማ፤ መንገዱን የሚችል ሰው ግን ያስፈልገኛል" አለኝ።

ያን ሳምንት ታጁ ሻይ ቤት ሻዬን ቆሜ ነበር የምጠጣው። ጋሽ ስዩም ሦስት ቀን አይተው ዝም አሉኝ፤ ለእሳቸው ትልቅ ትዕግሥት ነው። በአራተኛው ቀን፣ "አንቺ ልጅ፣ ቆመሽ የምትጠጪው ስለት አለብሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳልጨርስ ወጥተው ሞተሬ ላይ ያለውን ቀይ መቀመጫ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ጣታቸው እስከ ብረቱ ገባ።

"መተሐራም አያደርስ" አሉ። ከዚያ፣ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ እየሰማ፣ ትምህርት ጀመሩ። ለስላሳ ነገር ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ለስላሳ ስፖንጅ መጀመሪያ ያቅፍሻል፣ ቀጥሎ ይከዳሽና ብረቱ ላይ ይጥልሻል። የረጅም መንገድ መቀመጫ ጠንከር ብሎ መሸከም አለበት፤ ክብደትሽ በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶችሽ ላይ ይዋል፣ የታመመችው ግን አየር ላይ ትንጠልጠል። ፊቱ ጠበብ ይበል፣ እግርሽ መሬት ይድረስ። ልብሱ ነጣ ያለ ሸራ ይሁን፣ ፀሐይ እንዳይጠጣ። ሲጨርሱ ወደ ታጁ ዞረው፣ "መንገድ ሰው አያደክምም ታጁ፤ የሚያደክመው መቀመጫ ነው" አሉ፤ ይህን ነገር በቀን አራቴ ካላሉ አይመሽላቸውም።

አሮጌውን የሞተሩን መቀመጫ ወስደው እንደ አዲስ ሊሠሩት ወሰኑ። ፈቃዴን አልጠየቁም።

ልኬቱ ላይ ግን ችግር መጣ። እንደ እሳቸው ሥርዓት ተሳፋሪው እርጥብ አሸዋ ላይ ይቀመጣል፣ አጥንቱ የወረደበት ጉድጓድ ይለካል። እኔ ደግሞ ባለትዳር ሴት ነኝ፤ ጋሽ ስዩም የመቀመጫዬን ጉድጓድ ሲመረምሩ መገመት እንኳ አልቻልኩም። እሳቸውም ይህን ሲያስቡ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈሩ። መላውን ያመጡት እትዬ ንጋትወርቅ ናቸው። ከአዋሽ ወንዝ የመጣ አሸዋ ሰፋ ባለ ሳፋ ሞልተው፣ ላዩ ላይ ፌስታል ዘርግተው፣ ጓዳ ውስጥ አስገቡኝና በሩን ዘጉ። ጋሽ ስዩም ከውጭ ሆነው፣ "ቀጥ ብላ ትቀመጥ! እንደ ተሳፋሪ!" እያሉ ያዛሉ። ከተነሣሁ በኋላ እትዬ ንጋትወርቅ ሲባጎ ወስደው ጉድጓዶቹን ለኩ፦ ለሁለቱ አጥንቶች ሁለት ቋጠሮ፣ ለታመመችው ሦስተኛ ቋጠሮ። ሲባጎውን በበሩ ሥር አሳለፉላቸው። አሸዋውንም ወዲያው በእጃቸው በተኑት።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው በጋሽ ስዩም ቤት የመዶሻና የመቀስ ድምፅ መስማት ጀመረ። በሳምንቱ ጠሩኝ። ተቀመጥኩ፣ የአዋሽን አስፋልት ወዲያና ወዲህ ነዳሁ፣ ተመለስኩ።

"የት ይወጋሻል?"

"ደህና ነው ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ረክተው ነበር። በማግስቱ ግን ከመልካ ወረር ስመለስ ሻይ ቤቱ ጥግ ሆነው ሲጠብቁኝ አላየኋቸውም፤ ወገቤን ይዤ ሳነክስ ያዙኝ። እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አያውቁም። ሻይ ቤት ሙሉ ሰው ፊት፣ "ይሉኝታ ወንበር አይሠራም!" አሉኝ። እንዲያውም ባቡሩን የገደለው ይሉኝታ ነው አሉ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ጎኑ እየተላጠ "ደህና ነው" ስለሚል። ይህ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ያመመኝን "ጥሩ ነው" ብዬ ለሁለት ሰው መዋሸቴ ግን እውነት ነበር። ያቺ ውሸት አንድ ቀን በላችብኝ፤ ለዙሩ የቀረኝ አሥር ቀን ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ሙከራ እውነቱን ተናገርኩ። "ይወጋኛል ጋሼ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስፖንጁ ይተኛል፣ አጥንቷ ደግሞ ትነካለች።" ቆርጠው የለወጡት ስፖንጅ ከገበያ የተገኘው ጠንካራው ነበር፤ ከዚያ የተሻለ አዋሽም አዳማም የለም። መቀመጫውን አቅፈው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ቤታቸው ገቡ። ያቺ ያልኳት እውነት ምን እንደምታስከፍላቸው ያኔ አልገባኝም።

በአራተኛው ቀን አመጡት። ከሁሉም አስቀያሚው ነበር። ጠፍጣፋ፣ መሐሉ የተቦረቦረ፣ በነጣ ሸራ የተሰፋ፤ ከቀዩ ጋር ሲተያይ ሶፋ አጠገብ የቆመ የበረሃ ፍየል ይመስላል። ታጁ፣ "ይቺማ የትምህርት ቤት ዴስክ ናት" ብሎ ሳቀ። ተቀመጥኩ። እግሬ መሬት ደረሰ። ሁለቱ አጥንቶቼ ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ ሦስተኛዋ የት እንዳለች ጠፋችብኝ። ከወለድኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያቺ አጥንት ያልተሰማችኝ።

"ምን አደረጉበት ጋሼ?"

"ሥራ" አሉ። ተቀምጠውበት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ተወዛውዘው፣ "ምናልባት ሚኤሶ" ብለው ወረዱ።

የዙሩ ቀን ሲደርስ ኑራን ለእናቴ ሰጥቼ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተነሣሁ። ክቡርነታቸው በየሃምሳ ኪሎ ሜትሩ ወርጄ እንድንጠራራ፣ በየቦታው እንድደውል አዘውኝ ነበር። ሳልደውል ስቀር ራሳቸው ይደውላሉ። ገዋኔ ስደርስ፣ "የት ይወጋሻል?" አሉኝ፤ የትም አልኩ። አላመኑኝም። ሚሌ ላይ ለማደር ስቆም ከድሩ ከሱቁ ወጥቶ ቀዩ የት ሄደ አለኝ። ይሉኝታዬን አዋሽ ጥዬው መጥቻለሁና እውነቱን ነገርኩት። ቅር ይለዋል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ነጩን መቀመጫ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየውና፣ "ይሄን የሠራ ሰው ስልክ አለሽ?" አለኝ።

በማግስቱ ሰመራ ገባሁ። ዋሲሁን ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ቀድሞ በመኪና ደርሶ ነበር። ከሞተሬ እንደማንኛውም ሰው ወረድኩ፣ ቦርሳዬን አነሣሁ፣ መዝገቤን አቀበልኩት። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ፤ አንድም እርሻ አልጎደለም። "እንግዲህ የሚቀጥለውም ዙር ያንቺ ነው" አለ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ጋሽ ስዩም አልኩ።

አዋሽ ተመልሼ ባረፍኩበት ቀን ኑራን አዝዬ፣ ከሰመራ የገዛሁትን ቴምር ይዤ ላመሰግናቸው ሄድኩ። ሳሎን አስቀምጠውኝ ሪፖርት ጠየቁኝ። ከገዋኔ ጀምሬ ሚሌ ድረስ አደረስኳቸው። ኑራ ደግሞ መሄድ የጀመረችው በዚያው ሰሞን ነው፤ ያገኘችውን ጨርቅ ይዛ ነው የምትነሣው። ሳናያት ወደ ጥግ ሄዳ ያን የተከበረ ነጭ አንሶላ ይዛ ተነሣች። አንሶላው ተከትሏት ወረደ።

ሥሩ ወንበር አልነበረም። የብረት አጽሙ ብቻ ቆሟል፤ በላዩ ላይ የወንበር ቅርጽ እንዲያወጣ አንድ ቢጫ ጀሪካን ተጋድሞ፣ የታጠፈ ጆንያ ተደርቦበታል። የፈረስ ፀጉር የሚባል ነገር የለም። ጀሪካኑን አየሁ። ከዚያ በተከፈተው በር፣ ግቢው ውስጥ የቆመውን ሞተሬን አየሁ።

ጋሽ ስዩም ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። እትዬ ንጋትወርቅ አንሶላውን ከኑራ እጅ ቀስ ብለው ወሰዱና ያጥፉት ጀመር።

"እኔ እንደሁ ሲቀድደው ሰምቻለሁ" አሉ። "ጀሪካኔን ስፈልግ ደግሞ አገኘሁት። ይኸው ሁለት ሳምንት ውኃ የምቀዳው በአንዱ ነው።"

"ጋሼ፣ ለምን?" አልኳቸው።

"ወንበር የሚሠራው ለሚሄድ ሰው ነው" አሉ። "እኔ የት እሄዳለሁ?"

እንባዬ ሲመጣ አይተው ተቆጡ። ሪፖርቱ አላለቀም፣ ሚሌ ላይ ነው ያቆምሽው፣ ቀጥዪ አሉኝ። እንባዬን በሻርፔ ጠርጌ ቀጠልኩ። ሎግያን አለፍኩ፣ ሰመራ ገባሁ፣ ወረድኩ።

"ስትወርጂስ የት ወጋሽ?"

"የትም።"

"ይሉኝታ ነው?"

"ወላሂ ይሉኝታ አይደለም።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የተቀመጡባት በርጩማ ላይ ሆነው ትንሽ ተወዛወዙ። ረጅም መንገድ መሆን አለበት፣ ቶሎ አልተመለሱም። "ሰመራ በእኔ ባቡር ጣቢያ አልነበረችም" አሉ በመጨረሻ። "እንግዲህ ትግባ።"

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን የወንበር መለኪያ ተቀይሯል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሠርግ ላይ የሙሽሮቹን ሶፋ ሞክረው "ገዋኔ" ብለው እንደፈረዱበት ታጁ ነገረኝ። የሙሽራው አባት ከፍቶት፣ ለመሆኑ ሰመራ የሚያደርስ ወንበር እዚህ አገር አለ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

"አንድ አለ" አሉት። "አሁን ሥራ ላይ ነው።"

እውነታቸውን ነው። በዚያ ሰዓት እኔ መልካ ወረር ጥጥ ውስጥ ገብቼ ትል እየቆጠርኩ ነበር፤ ወንበሩም ከእርሻው ዳር፣ ግራር ሥር ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር።